ጉዳዩ፦ ጉዳዩን ስለማሳወቅ

ልምድ ያለው የቢሮ ሰው ደብዳቤ የሚያነበው ከታች ወደ ላይ ነው። አዲስ ተቀጣሪ «ጉዳዩ» ከሚለው ይጀምራል፤ ምስኪን፣ ጉዳዩ እውነት እዚያ የተጻፈ ይመስለዋል። ነባሩ ግን ወረቀቱን ገና ሲቀበል ዓይኑን ወደ ግርጌ ይወረውርና «ግልባጭ» ከሚለው ሥር እነማን እንደተሰለፉ ያያል። ከዚያ ወደ ፊርማው ይወጣል፤ የፈረመው ኃላፊው ራሱ ነው ወይስ ተወካዩ? ቀጥሎ ማኅተሙን፣ ቀጥሎ ቁጥሩንና ቀኑን። መሐል ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚያነበው ጊዜ ከተረፈው ነው።

እውነቱን ነው። ነገሩ ምን ያህል እንደተጋጋለ የሚታወቀው ከግልባጩ ነው። ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ጉዳይ ነው፤ በአንድ ስኒ ቡና ያልቃል። «ለሰው ሀብት አስተዳደር» ከተጨመረበት ቅሬታ አለ። «ለውስጥ ኦዲት» ካለበት ተቀባዩ የዚያን ቀን ምሳ አይበላለትም። «ለሕግ አገልግሎት» የሚል ከመጣ ደግሞ ከዘመድ መሐል ጠበቃ የሆነው ማን እንደነበር ማስታወስ ይጀመራል።

በሮቻቸው ፊት ለፊት የሆኑ ሁለት የሥራ ክፍል ኃላፊዎች አውቃለሁ። አንደኛው ከስብሰባ አዳራሹ አንድ ወንበር ወሰደ። ሌላኛው እንደ ሰው ብቅ ብሎ «ኧረ ባክህ ወንበሯን መልሳት» አላለም። «ያለአግባብ የተወሰደ ቋሚ ንብረትን ይመለከታል» የሚል ደብዳቤ አስጻፈ፤ ግልባጩም ለንብረት አስተዳደር፣ ለጠቅላላ አገልግሎት፣ ለውስጥ ኦዲትና ለዋና ሥራ አስኪያጁ ጽሕፈት ቤት ሄደ። ደብዳቤው ከአንዱ በር ወጥቶ ኮሪደሩን ተሻግሮ ያለው በር እስኪደርስ በመዝገብ ቤት በኩል ዞሮ ሁለት ቀን ፈጀ። በሁለቱም ቀን ሰዎቹ አብረው ምሳ በልተዋል፤ ሒሳብ እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል ተባብለው ተጓትተዋል። ስለ ወንበሩ ግን ትንፍሽ አላሉም። ጉዳዩ በጽሑፍ ተይዟላ!

የደብዳቤ ክብደት ወደ ግርጌ የወረደው ግን ኋላ ነው። የነገሥታቱን ደብዳቤዎች ያየ ሰው ማኅተሙን አናት ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል። በዐፄ ምኒልክ ደብዳቤ ላይ የቃሉ ማረጋገጫ ከላይ የሚያርፈው ማኅተም ነው፤ ከሥሩ የንጉሠ ነገሥቱ ማዕረግ፣ ቀጥሎ «ይድረስ» ተብሎ የተቀባዩ ስም፣ ቀጥሎ የጤና ጥያቄ፣ ከዚያ ነገሩ። አንባቢው ገና አንድ ቃል ሳያነብ ማን እንደሚያናግረው ያውቃል፤ አቀማመጡንም ያስተካክላል። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ሲሾሙ ከጦሩ ሚኒስትር ጋር የጽሕፈት ሚኒስትርም ተሹሟል። ደብዳቤ የሚያስጽፍና ማኅተም የሚይዝ ሰው ጦር ከሚመራው ጋር እኩል ወንበር ይገባዋል ማለት ነው። ዛሬም መዝገብ ቤት ሄዶ ወጪ ቁጥር የለመነ ሰው ይህ ሹመት አይገርመውም።

በደርግ ጊዜ «አቶ»ውም «ወይዘሮ»ዋም «ጓድ» ሆኑ፤ ደብዳቤም በመፈክር ካልታሰረ አለቀ አይባልም ነበር። ለቢሮው እስክሪብቶ እንዲገዛ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውን በትሕትና ካቀረበ በኋላ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!» ብሎ ይፈርማል። ለአንድ እሽግ እስክሪብቶ ሞትን እንደ አማራጭ ማቅረብ ዛሬ ሲያስቡት ትንሽ የበዛ ይመስላል።

መፈክሩ ሄደ፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ቀረ። የእኛ የመሥሪያ ቤት ዓረፍተ ነገር እንደ አንበሳ አውቶቡስ ነው፤ ሞልቷል ቢባልም በየፌርማታው ይቆማል፣ ሁሉም ይገባል፣ የት እንደሚያራግፍ የሚታወቀው መጨረሻው ፌርማታ ላይ ነው። የደረጃ እድገት ለጠየቀ ሠራተኛ የሚጻፈውን መልስ እንይ፦

«የደረጃ እድገት እንዲሰጥዎ በማመልከቻ መጠየቅዎ ይታወሳል። በመሆኑም ጥያቄዎ በሚመለከተው የሥራ ክፍል በጥልቀት ተመርምሮ፣ ካለዎት የትምህርት ዝግጅትና የሥራ ልምድ ጋር ተገናዝቦ፣ በማኔጅመንት ኮሚቴው ከታየ በኋላ፣ በሥራዎ ላይ የሚያሳዩት ትጋትና ቅንነት የሚበረታታ ሆኖ ሳለ፣ ለጊዜው ክፍት የሥራ መደብ ባለመኖሩ ጥያቄዎን ማስተናገድ ያልተቻለ መሆኑን እየገለጽን፣ ለወደፊቱ መልካም የሥራ ጊዜ እንዲሆንልዎ እንመኛለን።»

ሰውየው «በጥልቀት ተመርምሮ» ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ተቀምጧል። «የሥራ ልምድ» ላይ ለባለቤቱ ሊደውል ስልኩን አንሥቷል። «ትጋትና ቅንነት» ሲል ደመወዙ በሐሳቡ ጨምሮ የልጁ ትምህርት ቤት ተለውጧል። «ሆኖ ሳለ» ላይ ነው ልቡ ቀጥ የሚለው። ቢሮ የኖረ ሰው «ሆኖ ሳለ»ን ሲያይ የቀረውን ማንበብ አያስፈልገውም፤ ስልኩን ቀስ ብሎ ወደ ኪሱ ይመልሳል።

የቢዝነስ ኮሙኒኬሽን መምህራን ለክፉ ዜና የሚያስተምሩት ዘዴ አለ፦ በመጀመሪያ የሚያለሰልስ ቃል፣ ቀጥሎ ምክንያት፣ ከዚያ እምቢታ፣ በመጨረሻ መልካም ምኞት። ተማሪዎች ይህን ለማጥናት አንድ ሴሚስተር ይፈጃሉ። እኛ ሰዋስዋችን ራሱ ሠርቶ ጨርሶልናል፤ ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ እምቢታውን እስከፈለግን ድረስ ጎትተን ማቆየት እንችላለን። ችግሩ ለደግ ዜናም ያው መሆኑ ነው። እድገቱ ቢፈቀድለት ኖሮ ሰውየው እስከ «ያልተቻለ» ቦታ ድረስ በዚያው መንገድ ይጓዝ ነበር፤ መጨረሻ ላይ «የተፈቀደልዎ መሆኑን» ሲያገኝ ደስታውን የሚሸከምበት አቅም አይኖረውም። እኔ የምለው፣ ደስ የሚል ነገር ሲኖረን ግሱን ቀደም አድርገን ዓረፍተ ነገሩን ብንዘጋው ማን ይከሰናል?

መልእክትን አቅዶ ማድረስ ከመጽሐፍ መማር አለበት ለሚሉኝ ግን መርዶን እጠቅሳለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባ ክፍለ ሀገር ያለች እናቱ አርፋለች። መጀመሪያ የሚያውቀው እሱ አይደለም፤ የመንደር ጓደኛው ነው። ጓደኛው ለአለቃው ይደውላል። አለቃው ለሁለት ዘመዶች ያስደውላል። ማን ይንገር፣ የት ይነገር፣ ማን ማን አብሮ ይሁን፣ ደም ግፊት አለበት ወይ፣ ሁሉም ይመከርበታል። ቢሮ ውስጥ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ያን ቀን ሁሉም ሰው ያለ ወትሮው ትሑት ይሆንለታል፤ ሻይ ይጋበዛል፣ «በጊዜ ግባና ዕረፍ» ይባላል። በማግስቱ ገና ሳይነጋ፣ ነጠላ ያጣፉ ሰዎች በሩን ያንኳኳሉ። ዋሺንግተን ያሉ ወገኖቻችንም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ከአገር ቤት የሚደወለው ለባለጉዳዩ ሳይሆን ለጓደኞቹ ነው፤ እነሱም ተጠራርተው፣ ሥራ ሳይገባ በማለዳ አፓርታማው ይደርሳሉ። ተቀባዩን ማወቅ፣ ሰዓት መምረጥ፣ ትክክለኛውን ሰው መላክ፣ ከተነገረም በኋላ አብሮ መቀመጥ፦ ከዚህ የተሻለ የመልእክት ዕቅድ የሚያስተምር ኮሌጅ አላየሁም። ይህንኑ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ሲያሰናብት ግን ዓርብ 11 ሰዓት ላይ ተላላኪ ልኮ «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ያሰኛል።

ቢሮም ቢሆን የራሱ ሽማግሌዎች ነበሩት። ከኮሜርስ ትምህርት ቤት የወጡት ጸሐፊዎች ሙያቸው በአሥሩም ጣታቸው ቁልፎቹን ሳያዩ መምታት ብቻ አልነበረም። አለቃው ቀልቶ ይመጣና «ለዚያ ደንቆሮ ጻፊለት! ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ አይሰማም ወይ በይው!» ይላል። እሷ «እሺ» ትላለች። ሻይ ታዝዝለታለች። ከዚያ የጽሕፈት መኪናዋ ላይ «ከዚህ ቀደም በተደጋጋሚ ያሳሰብን መሆኑ እየታወሰ፣ እስካሁን ምላሽ ያልደረሰን ስለሆነ» የሚል ታወጣለች። አለቃው አንብቦ «ልክ እንዲህ ነው ያልኩት» ብሎ ይፈርማል። ስንት የመሥሪያ ቤት ጠብ በእነዚያ ሴቶች ጣት ላይ እንደበረደ የጻፈ ሰው የለም። ኮምፒውተር ለሁሉም ታደለና አለቃው ራሱ መጻፍ ጀመረ፤ ቁጣው ሻይ ሳይጠጣ መድረስ የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

ደብዳቤው ገቢ ሆኖ ኃላፊው ጋ ሲደርስ ደግሞ «ይመራል»። ይኼኛው ትልቅ ጥበብ ነው። የተተየበው ጽሑፍ ጨዋ ነው፤ እውነተኛው ውሳኔ ግን ኅዳጉ ላይ በእጅ ጽሑፍ፣ አግድም ሰፍሮ ይገኛል። «ይታይ» ማለት አይታይም ነው። «ለመረጃ» ማለት ፋይል ይግባና ይረፍ ማለት ነው። «አጥንታችሁ አቅርቡ» የተባለበት ጉዳይ ባለቤት ወደ አገሩ ቢመለስ ይሻለዋል። «ያነጋግሩኝ» ካለ ግን አንድ ነገር አለ፤ ወይ በጎ ነው ወይ ስልክ ተደውሏል። ባለጉዳይ ይህን ስለሚያውቅ ደብዳቤ ልኮ ቤቱ አይቀመጥም። ደብዳቤውን ይልካል፣ መድረሱን በስልክ ይጠይቃል፣ ስልኩ ስለማይነሣ በአካል ይሄዳል፣ የመዝገብ ቤቱን ጋሼ «እንደምን አደሩ» ብሎ ልጆቻቸውን በየስማቸው ይጠይቃል። ጋሼም መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አውርደው «ቁጥሩን ይዘሃል?» ይላሉ። ቁጥሩን ያልያዘ ሰው ለእሳቸው አልተወለደም።

በዚህ ሁሉ የሚስቅ ሰው ግን አንድ ያልተመለሰ ደብዳቤ ያስከፈለንን ያስታውስ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ እዚያ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አንዱ መሳቢያ ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መልስ ከረመ። የእንግሊዝ መዝገብ ቤትም ከእኛው የተለየ አልነበረም ማለት ነው። ንጉሡ ጠበቁ፣ ጠበቁና ቆንስሉን ካሜሮንን አሠሩት፤ ነገሩ ተካሮ ጄኔራል ናፒየር ጦርና ዝሆን ጭኖ መጣ፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። እርግጥ የጦርነቱ ምክንያት ደብዳቤ ብቻ አልነበረም። ቢሆንም አንድ ጸሐፊ «ደብዳቤዎ ደርሶናል፣ እየተመለከትነው ነው» የምትል መስመር ልኮ ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። የኢሜይል መልስ የሚያዘገይ ባልደረባ ሲያጋጥመኝ ይህን ታሪክ አወራለታለሁ። ታሪኩን ይወድደዋል፤ ኢሜይሉን አይመልስም።

አሁን ጸሐፊዋም፣ ተላላኪውም፣ መዝገብ ቤቱም ተጠቃለው ቴሌግራም ገብተዋል። የየሥራ ክፍሉ ግሩፕ ስሙ «ቤተሰብ» ነው፤ «የፋይናንስ ቤተሰብ»፣ «የግዥ ቤተሰብ»። ጠዋት ጠዋት አበባና የቡና ስኒ ያለበት ሥዕል ላይ «መልካም ቀን» ተጽፎ ይወርዳል። የአንዱ አባት ካረፉ «ነፍስ ይማር፣ መጽናናቱን ይስጥልን» የሚል አንድ ሰው ይጽፋል፤ የቀረው ያንኑ እየገለበጠ ይለጥፋል። መሐል ላይ ትናንት ልደቷ የነበረች ልጅ ዘግይታ «ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ደስ ብሎኛል» ትልና ግሩፑ ለአፍታ ጸጥ ይላል።

ከሁሉ የሚከብደው የአለቃ መልእክት ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ «ሪፖርቱ ነገ ጠዋት እንዲደርሰኝ» ይላል። ሁሉም አይቶታል፤ ማን እንዳየም ይታያል። ማንም ግን ቀድሞ «እሺ» ማለት አይፈልግም፤ ቀድሞ እሺ ያለ ሰው ሪፖርቱን ጻፍ ይባላላ። በመጨረሻ አንድ ለሥራው አዲስ የሆነ ልጅ «እሺ» ይላል። ያን ጊዜ ከተደበቁበት ሁሉ «እሺ» «እሺ» «እሺ» ይወርዳል። ኃላፊው ወጣት ከሆነና ለመጻፍ ከሰነፈ ደግሞ ድምፅ ይልካል፤ መኪና እየነዳ የተቀዳ፣ ክላክስ ያለበት፣ መሐል ላይ ከታክሲ ረዳት ጋር የተጨቃጨቀበት ረጅም ድምፅ። ዋናው ትእዛዝ ያለው መጨረሻው ላይ ነው፤ እስከዚያ የሚያዳምጥ ሠራተኛ ግን የለም። ትእዛዙም አይፈጸም።

«ሰላም» ብቻ ብሎ የሚጠፋም አለ። «ሰላም» ትለዋለህ። «እንዴት ነህ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ቤተሰብ?» «ደህና ናቸው።» «ሥራ እንዴት ነው?» ይህን ሁሉ እየመለስክ ሆድህ ውስጥ ምን ሊጠይቀኝ ነው የሚል ነገር ይዞራል። ከምሳ በኋላ «አንዲት ፋይል ነበረች» ይላል። የፈረንጅ መጻሕፍት ጥያቄህን መጀመሪያው መስመር ላይ አድርግ ይላሉ። ልብ በሉ፣ እኛ ጋ ይህን ያደረገ ሰው ተጣልቷል ይባላል። ያለ ሰላምታ «ፋይሉን ላክ» የሚል መልእክት የደረሰው ሰው ፋይሉን አይልክም፤ ምን አስቀይሜው ይሆን እያለ ያድራል። እኔ ሰላምታውንም ጉዳዩንም በአንድ መልእክት አሥሬ እልካለሁ፦ «ሰላም፣ እንደምን ዋልሽ፣ የመጋቢቱን ፋይል ብትልኪልኝ።» ሰላምታው አልቀረም፣ እሷም ቀኑን ሙሉ አልተጨነቀችም።

ሰዓት ላይማ ብዙ አልቆይም፤ ከውጭ አገር ድርጅት ጋር የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። እነሱ 9:00 ብለው የጻፉትን የእኛ ሾፌር 9 ሰዓት ብሎ ያነብና ስብሰባው ካለቀ፣ ምሳም ከተበላ በኋላ ፏ ብሎ ይደርሳል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ በሦስት ቁጥር ተጽፎ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ቀን የስንት ጨረታ ሰነድ ክርክር አስነሥቷል። የጠዋት 3 ሰዓት መሆኑን ለመጻፍ የሚፈጀው ቀለም ያን ያህል ውድ አይደለም።

ይልቅ ወደ ማስጠንቀቂያ ልሂድ፤ እዚያ ጨዋነታችን ጫፍ ይደርሳል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በጽሑፍ እየተነገረው ያለ በቂ ምክንያት በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። በጽሑፍ ነው የሚለው ሕጉ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የሚያረፍደውን ልጅ አለቃው በቃል «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም?» ይለዋል፤ ደብዳቤው ላይ ግን «እርስዎ» ይሆናል። «በሥራ ሰዓት በቦታዎ ባለመገኘትዎ»፣ «ከዚህ ድርጊትዎ እንዲቆጠቡ»። ልጁ በሕይወቱ አንቱ የተባለው ባረፈደ ጊዜ ብቻ ነው። እናቱ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ቤት ይዞ ሲመጣ አይታ፣ «እርስዎ» የሚለውን አንብባ ልጄ ሹመት አገኘ ብላለች አሉ።

በመጨረሻ ይኸው ልጅ ይለቃል፤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያውንም አክብሮ። የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ሕጉ አሠሪው በምስክር ወረቀቱ ላይ ምን ዓይነት ሥራ እንደሠራ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሠራና ደመወዙ ስንት እንደነበር ጽፎ እንዲሰጠው ያዛል። ሦስት ነገር ብቻ። የሰው ሀብት ኃላፊዋ ግን በሦስት ነገር አላስቻላትም፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብላ ጀምራ «በቆይታቸውም ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ተግባቢ የነበሩ መሆኑን እየመሰከርን» ብላ ጨረሰችው። ማኅተም ተመታ።

አዲሱ መሥሪያ ቤት ወረቀቱን አነበበ። ከዚያ ስልክ ተደወለላት።

«እንደምን ዋሉ፣ የኔ እመቤት። ደብዳቤያችሁ ደርሶናል። በጣም ጥሩ ደብዳቤ ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«እና… ልጁ እንዴት ነው?»

«ደብዳቤው ላይ እንዳለው ነው፣ ጌታዬ።»

«ሰዓት አክባሪ ነው?»

ትንሽ ጸጥ ካለች በኋላ «እንግዲህ» አለች፣ «ከሰዓት በኋላ ቀርቶ አያውቅም።»